የመሬት ዳጉ

አውቶቡሱ ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ አፋፍ ላይ ሲቆም ተማሪዎቹ የፈለጉት ሻይና ሳምቡሳ ነበር። መምህሩ አልከለከላቸውም። በልተው ጠጥተው ጣታቸውን በሶፍት ሲጠራርጉ ነው «የተቀመጣችሁት የእሳተ ገሞራ ከንፈር ላይ ነው» ያላቸው። አብዛኞቹ ሳቁ። አንዷ ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ሆራም፣ ባቦጋያም፣ በከተማው ስም የሚጠራው ቢሾፍቱ ሐይቅም የተኙት ከታች የመጣ ቅልጥ አለት የከርሰ ምድር ውሃ አግኝቶ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ወርውሮ ይወጣል። ዛሬ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት፣ ለኢሬቻ ሕዝቡ እርጥብ ሣር ይዞ የሚወርድበት ዳርቻ አንድ ዘመን ክዳኑ የተወረወረበት አፍ ነበር።

«ዶክተር፣ ታዲያ እሳቱን መቼ ነው የምናየው?» አለ አንዱ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የኤርታሌን ፎቶ በስልኩ ሲያሳይ ነው የመጣው።

ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል። መምህሩ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ምድር ያስተምራል፤ የራሱ ጥናት ደግሞ እሳተ ገሞራ ነው። ግን ሲያጠናው ዓይኑን ብዙም አይጠቀምበትም። ሳይዝሞሜትር ይቀብራል፣ ከሥር የሚመጣውን ንዝረት ይቀዳል፣ ከዚያ ወራት ሙሉ መስመር ላይ ያፈጣል። «እሳቱ የወሬው መጨረሻ ነው» ብሎ መለሰለት፤ «እኛ የምንሄደው መጀመሪያውን ልንሰማ ነው።» ተማሪው አልረካም።

መምህሩ ራሱ በዚያ ዕድሜው አይረካም ነበር። ያደገው ጉና ተራራ ሥር ነው። እሳተ ገሞራ ሲባል የሚመጣለት መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው፣ አናቱ በረዶ የለበሰ የጃፓን ተራራ ነበር፤ የሰው አገር ነገር። ጉና ራሱ እሳተ ገሞራ እንደነበር የሰማው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። የጉና ዕድሜ ወደ 10.7 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ጮቄ 22 ሚሊዮን ገደማ፣ የሰሜን ተራሮች ደግሞ 30 ሚሊዮን ገደማ ይሆናቸዋል። አባቱ ማሳው ዳር የከመሩት ጥቁር ድንጋይ፣ በረቱ የታጠረበት ካብ፣ ገብሱና ድንቹ የበቀለበት አፈር፣ ሁሉም ከዚያ እሳት የተረፈ ነው። ለእረፍት ቤት ሲመለስ ይህን ለእናቱ ነገራቸው። እናቱ ወደ ተራራው ቀና ብለው አይተው «ታዲያ አሁን ተኝቷል?» አሉት። «የለም፣ ሞቷል» ሲላቸው «ነፍስ ይማር» ብለው ወደ ጓዳቸው ገቡ።

መተሐራ ላይ ግን የሞተ ነገር የለም። ከከተማዋ በላይ ፈንታሌ ቆሟል። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው ላቫ እስከ ዛሬ አፈር አልለበሰም፤ ትናንት የተዘረገፈ የከሰል ክምር ይመስላል። መንገዱ የበሰቃን ሐይቅ እየታከከ ያልፋል። በሰቃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ኩሬ ነበረች፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆናለች። አንዱ የመስኖ ውሃ ነው ያሰፋት ይላል፣ ሌላው ከሥር የሚመነጭ ነው ይላል። ጨዋማው ውሃ የደረሰባቸው ዛፎች እንደቆሙ ደርቀው ወፍ ሰፍሮባቸዋል።

መምህሩ ትምህርቱን እዚሁ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ዳር ጀመረ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ረድፍ አቁሞ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ትከሻ እንዲይዝ አደረገ። ከዚያ የመጨረሻውን ልጅ ከኋላው ገፋ አደረገው፤ ግፊቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ከፊት የቆመችውን ልጅ አንድ እርምጃ አስኬዳት። «ይሄ ፒ ሞገድ ነው፤ ፈጣኑ፣ ቀድሞ የሚደርሰው።» ቀጥሎ የመጨረሻውን ልጅ ወደ ጎን ወዘወዘው፤ ረድፉ እንደ እባብ ተጥመለመለ። «ይሄ ኤስ ነው። ይዘገያል፤ ቤት የሚያናውጠው ግን እሱ ነው።» አሁን መሐል ያሉትን አራቱን እጃቸውን አስወረዳቸውና «እናንተ ቅልጥ አለት ሆናችኋል» አላቸው። ሲገፋ፣ ደረት ጀርባን እየገፋ አለፈ። ሲወዘውዝ ግን ውዝዋዜው አራቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ የሚይዘው እጅ የለማ! በአንድ ጣቢያ ፒው ደህና ደርሶ ኤሱ የጠፋ ወይም የደከመ እንደሆነ መንገዱ ላይ ምን ሊኖር እንደሚችል ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ፍየል ይጠብቁ የነበሩ ሦስት ሕፃናት ረድፉ መጨረሻ ላይ ገብተው ትከሻ ያዙ፤ እነሱም ሊገፉ ፈልገዋል።

እዚህ አገር ሞገዱ የሚታወቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ምድሩ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው በማግኒቲዩድ ከ5.5 ያላነሰ ነበር። (መምህሩ ፈተና ላይ የማይተወው ጥያቄ አለ፦ ከ5 ወደ 6 ሲወጣ ጉልበቱ በስንት ያድጋል? በ32 ገደማ።) ቤት ፈረሰ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ፤ ዶፈን ላይ እንፋሎት ድንጋይና ጭቃ እያስፈነጠረ ወጣ። ላቫ ግን አልታየም። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ከሥር ስንጥቅ እየከፈተ ወደ ጎን ሄዷል፤ ይህን ያሳዩት ሳተላይትና የንዝረት መዝገብ ናቸው። አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ መንቀጥቀጡን ያስታውሰዋል። ከተማሪዎቹ አንዱ አንድ ሌሊት ከአራተኛ ፎቅ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ በአንድ እግር የእህቱን ጫማ አድርጎ እንደወረደ ሲያወራ ሌሎቹ የየራሳቸውን ጀመሩ፤ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አላቆሙም።

መምህሩም የራሱን አወራ። የእሱ ግን ውርደት ነው።

እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተከለው አንድ ጣቢያ ነበረ። መዝገቡን ሲከፍት በየማለዳው የሚጀምር፣ የማያቋርጥ ዝቅተኛ ንዝረት አገኘ። አለት ሲሰበር የሚመዘገበው መንቀጥቀጥ እንደሚፈለጥ እንጨት ነው፤ ቋ ይልና ያበቃል። ከእሳተ ገሞራ ሥር ፈሳሽና ጋዝ ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ግን፣ ባለሙያዎች ትሬመር የሚሉት፣ እሳት ላይ እንደተጣደ ሽሮ ቱክ ቱክ እያለ ይቆያል። መምህሩ ሽሮውን ያገኘ መሰለው። ሳምንት ሙሉ ሲያሰላ፣ ለባልደረቦቹ ግራፍ ሲልክ ከረመና ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ዘበኛውን አዛውንት «አባባ፣ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዎታል?» አላቸው። አዛውንቱ ከጉብታው ማዶ ወደሚያጓራው የውሃ ሞተር በአገጫቸው እያመለከቱ «እሱ ነዋ! መጀመሪያ ቀን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉት። የሥራ ሰዓት አክብሮ የሚነሣ እሳተ ገሞራ እንደሌለ መጠርጠር ነበረበት። እሱ ግን መሣሪያውን ሲቀብር ቦታውን አይቶ፣ ኬብሉን ፈትሾ፣ ከዘበኛው ጋር ደመወዝ ተስማምቶ ሄደ እንጂ ስለ ሰፈሩ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ይረዝማል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ገዋኔ ላይ የአያሉ ተራራ ከሜዳው ብቻውን ብድግ ብሎ ይታያል። ከሚሌ ወዲያ መስኮት ዳር ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። አንዱ ተማሪ «ምድረ በዳ እኮ ነው» ሲል ከኋላ ወንበር ያለ የአሳይታ ልጅ «ለማን?» አለው። ሌላ አልጨመረም። እስከዚያ ድረስ መናገሩንም ማንም አላስታወሰም።

በማግስቱ ሎጊያ ላይ ምሳው ሩዝና የፍየል ጥብስ ሆነ፤ ከጎኑ የግመል ወተት መጣ። ወተቱ ጢስ ጢስ ይላል። መምህሩ አንድ ጊዜ ጎንጨት ሲል እናቱ ጓዳ ገባ። እዚያ ቅሉን በወይራ ያጥናሉ፤ እዚህም የወተቱ ዕቃ ይታጠናል። እንጨቱ ሌላ፣ ከብቱም ሌላ፣ ጢሱ ግን ዘመድ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሹ ጠጣ፤ ግማሹ ለሆዱ ሰግቶ ወደ ለስላሳ ሄደ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። እጅ ተሳሳሙ፣ ጥላ ፈልገው ቁጢጥ አሉ፣ አንዱ ማውራት ጀመረ። ሌላው በየመሐሉ ብቻ «እህ» የሚል ድምፅ ያሰማል። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ አሥር ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ተራ ተለወጠ፤ ሰሚው ተናጋሪ ሆነ። የአሳይታው ልጅ አሁን ማንም ሳይጠይቀው አስረዳ። ዳጉ ነው፤ የአፋር የዜና ልውውጥ። ከየት ተነሣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ማን ታመመ። ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ፤ ከማን እንደሰማህም ትጠራለህ። መጨመር ያስቀጣል፤ ይዞ መቅረትም ነውር ነው።

መምህሩ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሷል፤ ሁለት ሰው መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሲያወራ አይቶ ወሬ ነው ብሎ አልፏል። በአማርኛ ወሬ ዜናም ነው፣ ሐሜትም ነው፤ «ወሬኛ» ግን ስድብ ብቻ ነው። ወሬ የማይወድ ልጅ ጨዋ ተብሎ ይመሰገናል። እዚህ መንገደኛ አግኝቶ ሳይጠይቅና ሳይናገር የሚያልፍ ሰው ነው ያላደገ የሚባለው። የሥነ ምድር መምህር ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻለው የውሃ ሞተሩ ነገር አሳይቶታል።

የሙያውም ታሪክ ከዳጉ ብዙ አይርቅም። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዛሬም ከባለሙያው ጠረጴዛ አይጠፋም። መሣሪያ ላልነበረበት ዘመን የተጠቀሙት ዜና መዋዕልን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የሰው ቃልን ነው። ማን አየ፣ ከማን ሰማ፣ የት ሆኖ ተሰማው፤ እሱን ሲለዩ ነው የኖሩት።

መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ መምህሩ ልጅ ነበር። መስከረም 16 ማታ ችቦ ይዞ ደመራውን ዞረ፤ እንደ ሰው ሁሉ ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ አወዳደቁን አይተው የዓመቱን ነገር ተነጋገሩ። በዚያው ዕለት አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ ሥር፣ ዳዑሬ በሚባል ቦታ ምድር ተሰንጥቃ አመድ እንደተፋች ያወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር ነው። መንቀጥቀጡ የጀመረው መስከረም 4 ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ160 በላይ ጠንካራ መንቀጥቀጦች በሩቅ አገር ጣቢያዎች ሳይቀር ተመዘገቡ። ወደ ላይ የወጣው ጥቂት ነው። ከሥር ግን 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ቅልጥ አለት ገባ፣ ምድሩም እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚለያይ አገር የ400 ዓመት ዕዳውን በጥቂት ሳምንት ከፈለ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ባልደረቦቻቸው ቦታው ደርሰው መሣሪያ ተክለዋል፤ እረኞቹን አነጋግረዋል። ጢሱ ሰማዩን ይዞት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጨለማ እንደነበር የተናገሩት እረኞቹ ናቸው። ይህን ሳይዝሞሜትር ሊያውቀው አይችልም።

ዳባሁን የአገሬው ሰው ቦይናም ይለዋል። ቦይና ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት ነው። አፋሮች በእንፋሎቱ አፍ ላይ ድንጋይ ይከምራሉ፤ ትኩሱ እንፋሎት ድንጋዩን ሲነካ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ያጠራቅሙታል። እሳተ ገሞራ ሲጠጡ ኖረዋል ማለት ነው። «ምድረ በዳ» ያለው ተማሪ ይህን ሲሰማ ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብሎ ፈገግ አለ፤ የአሳይታው ልጅም አልጨከነበትም።

ሰርዶ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የያኔዋን ሰርዶ አፈራርሷት ሰው ገድሏል፤ መሬቱ ላይ የቀሩት ስንጥቆች ዛሬም በእግር የሚሄዱባቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ጉድጓዱን የቆፈሩት ከዚህ ብዙ ሳይርቁ ነው። ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ድስት የሚያህል ብረት። ሦስቱን እግሮቹን እያሽከረከሩ የውሃ ልኩን አረፋ መሐል ያስገባሉ። ቀጥሎ ሰሜንን ማግኘት ነው፤ እዚህ ላይ ልጅቷ፣ ቢሾፍቱ ላይ ወንበሯን የሳበችው፣ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። መርፌው ዞረ። አነሣችው፤ ተመለሰ። እንደገና አስቀመጠች፤ ዞረ። ባዛልቱ በውስጡ ማግኔትነት ያለው ማዕድን ስላለው መርፌውን ይጎትተዋል። ኮምፓሱን ከድንጋዩ አርቃ፣ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ ለካች። የፀሐይ ሰሌዳው ተተከለ፣ ባትሪው ተያያዘ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሦስት ጊዜ ዘለሉ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሦስት ሹል መስመር ወጣ። ከጭብጨባው በኋላ ደግሞ ማንም ሳይዘል ትንንሽ መስመሮች ተከታትለው መጡ፤ ግመሎች ውሃ ሊጠጡ እየወረዱ ነበር።

ማታ እሳት ዳር መምህሩ ስለ ኮሎምቢያው ኔቫዶ ዴል ሩዊስ አወራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ተራራው ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሞ፣ የአደጋው ካርታ ተሠርቶ፣ አርሜሮ የምትባለው ከተማ ከተራራው በሚወርድ የጭቃ ጎርፍ መንገድ ላይ መሆኗ ተነግሮ ነበር። ጭቃው ማታ ሲደርስ ሰው ቤቱ ነበረ፤ ከ23 ሺህ በላይ ሕዝብ አለቀ። ዜናው ነበረ፤ ሮጦ ያደረሰው፣ ደርሶም ያስነሣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያለውን የራሳችንንም ነገራቸው፦ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ አልፎም ሕንድ ደረሰ፤ እዚህ ቅርብ ደግሞ አፍዴራንና የከብቱን ግጦሽ አለበሰ።

ጨዋታው ሳያልቅ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተነሣ። ፒ። ሁሉም ዝም። ኤስ። ልጅቷ ቆጠረች፤ በመሐላቸው 9 ሰከንድ። በ8 አባዝታ «72 ኪሎ ሜትር» አለች። ትንሽ ናት፤ እነሱ እንኳ አልተሰማቸውም።

ጣቢያውን ሊጠብቁ የተስማሙት አዛውንት ከእሳቱ ማዶ ተነሥተው መጡና በአፋርኛ አንድ ነገር አሉ። የአሳይታው ልጅ ተረጎመ፦ «ዜናው ምንድን ነው? ይላሉ።»

ልጅቷ በደንቡ ልትነግራቸው ፈለገች። መሬት ተንቀጥቅጧል፤ አሁን ነው፤ ከዚህ 72 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

«በየት በኩል?»

አንድ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ ገና አልታወቀም። የታወቀው ርቀቱ ብቻ ነው፤ አቅጣጫውን ለመለየት ሌሎች ሁለት ጣቢያዎች መጠየቅ አለባቸው። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ፤ የአንድ ሰው ወሬ ይዞ አይኬድም። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ቀጣዩን ጠየቁ።

«ሰው ደህና ነው? ከብቱስ?»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። ወደ መምህሩ ዞረች፤ እሱም ስክሪኑን እያየ ነበር። የአሳይታው ልጅ ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ተነሣና ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በጨለማው ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረ። አዛውንቱ መልሱን ሊጠብቁ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ የልጁ እርምጃ አንድ በአንድ እየተመዘገበ፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ።